የዳባት መዝገብ

ኅዳር 1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በዳባት ወረዳ ቆጣሪዎች ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። አገሪቱ ሁለተኛውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው ጥቅምት 1987 ዓ.ም. ነበርና ያለፈው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። እነዚህን ቆጣሪዎች ያሠማራቸው ግን የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን አልነበረም። ያኔ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ይባል የነበረው፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ቆጠራውም የአንድ ጊዜ ሥራ ተብሎ አልታሰበም። የተመዘገበው ቤተሰብ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ማን እንደተወለደለት፣ ማን እንደሞተበት፣ ማን አግብቶ እንደወጣና ማን እንደመጣ፣ ቆጣሪው እየተመላለሰ ሊከታተል ነው የተነሣው። የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ፣ በኋላም የዳባት የምርምር ማዕከል የተባለው ተቋም እንዲህ ተወለደ።

ኮሌጁ ለምን ወደ ገጠር ወጣ ለሚል ሰው መልሱ ያለው በኮሌጁ አመጣጥ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣ የወባ ወረርሽኝ 7 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ያ እልቂት ገና ከሰው አፍ አልጠፋም ነበር። ኮሌጁ መጀመሪያ ያሠለጠነው ሐኪም አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን ነበር ያሠለጠነው፤ ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው በገጠር ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ። እንዲህ ያለ ቡድን ሥራውን ሲጀምር መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የሕክምና አይደለም። በዚህ ጤና ጣቢያ ሥር ስንት ሰው አለ? ስንት እርጉዝ፣ ስንት ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ? በደንቢያ የሞቱት ከስንት ሰው መካከል ነው የሞቱት? ማካፈያው ካልታወቀ የሟቹ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። በዳባት የተጀመረው ሥራ አርባ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ዓይነቱ ተቋም መጀመሪያ የተፈጠረው በኢትዮጵያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በሴኔጋል ኒያካር፣ በ1966 ደግሞ በዛሬዋ ባንግላዴሽ ማትላብ፣ የአንድን አካባቢ ነዋሪ በሙሉ ለዓመታት የሚከታተሉ ጣቢያዎች ተቋቁመዋል። በአገራችን መንገዱን የቀደደው ቡታጅራ ነው። በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና በአንድ የከተማ ቀበሌ ጀመረው። ዳባት ተከተለ። ከዚያ ጅማ በግልገል ጊቤ፣ ሐረማያ በቀርሳ፣ መቀሌ በክልተ አውላዕሎ፣ አርባ ምንጭም በራሷ አካባቢ ተመሳሳይ ጣቢያ አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአፍሪካና በእስያ ያሉት ጣቢያዎች ኢንደፕዝ የሚባል አንድ መረብ መሠረቱ፤ ዳባትም ከአባላቱ አንዱ ሆነ።

እነዚህ ጣቢያዎች የበዙት መንግሥት ልደትንና ሞትን በማይመዘግብባቸው አገሮች ነው። እኛ ዘንድ ጉዳዩ የሕግ እጦት አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ በዝርዝር ደንግጓል። በመጨረሻዎቹ ገጾች ያለው አንቀጽ 3361 ግን ያን ሁሉ ድንጋጌ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አቆየው። ትእዛዙ ሳይወጣ ሦስት መንግሥታት ተፈራረቁ። አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ከሃምሳ የሚበልጡ ዓመታት የተወለደ የገጠር ልጅ ስሙ በክርስትና አባቱና በእናቱ ልብ እንጂ በመንግሥት መዝገብ አልሰፈረም። የሞተውም እንዲሁ። ቡታጅራና ዳባትን የመሳሰሉ ጥቂት ቀበሌዎች ብቻ ናቸው ከዚህ የተለየ ዕድል የገጠማቸው።

የዳባት ጣቢያ የተጀመረው በ10 ቀበሌዎች ሲሆን ኋላ ወደ 13 አድጓል፤ አራቱ ከተማ፣ ዘጠኙ ገጠር ናቸው። በመዝገቡ ያለው ሕዝብም ወደ 70 ሺህ ተጠግቷል። ቀበሌዎቹ ሲመረጡ ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው ሁሉ እንዲወከሉ ተደርጓል፤ ወረዳው ከወገራ ደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላ የሚወርድ ስለሆነ፣ ገብስ የሚዘራው ደገኛና ማሽላ የሚዘራው ቆለኛ የሚታመሙት ሕመም አንድ አይደለምና።

ሥራው የሚያርፈው በመረጃ ሰብሳቢው ላይ ነው። እያንዳንዱ ቤት ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱም ሰው መለያ። ሰብሳቢው በየጎጡ እየዞረ አባወራውን ወይም እማወራዋን የሚጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው፦ ካለፈው ወዲህ ያረገዘች አለች? የወለደች? የሞተ? ያገባ፣ የተፋታ? የመጣ፣ የሄደ? ጥያቄው ያጥራል እንጂ መልሱ ቀላል አይደለም። እርግዝና ገና ሳይገፋ ለእንግዳ አይነገርም። በተወለደ በሦስተኛው ቀን ያለፈ ሕፃን ክርስትና ሳይነሣ ስለሄደ ብዙ ቤት እንደ ልጅ አይቆጥረውም፤ ሰብሳቢው በጨዋነት ካልጠየቀ ያ ልጅ ሳይወለድም ሳይሞትም ይቀራል። ዕድሜ ደግሞ በዓመተ ምሕረት የሚታወቀው ከስንት አንዱ ቤት ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ይድህ ነበር፣ ኢሕአዴግ ሲገባ ጥርሱን ነቅሎ ነበር፣ የሚለው ንግግር ወደ ቁጥር የሚለወጠው አካባቢውን በሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ለሁለት ሳምንት የመጣ ጠያቂ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ጎረቤት የሆነ ሰብሳቢ ይችላል። ስለ ጣቢያው ከሚወራው የኮምፒዩተር ፕሮግራምና የጥናት ብዛት ሁሉ በላይ የማደንቀው ይህን ነው።

ሞት ሲሆን ሥራው ይከብዳል። በገጠሩ አብዛኛው ሰው የሚሞተው በቤቱ ነው፤ ሐኪም አያየውም፣ የሞቱን ምክንያት የጻፈ ወረቀት የለም። ስለዚህ ለቅሶው ካለፈ በኋላ የሠለጠነ ጠያቂ ይሄድና ሟቹን ያስታመመውን ሰው ያነጋግራል። ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን? ሳል ነበረ? ደም ታየ? እናት ከሆነች፣ ምጡ ስንት ሰዓት ፈጀ? የተሞላውን ቅጽ ሐኪሞች ለየብቻ ያነቡና ምክንያቱን ይወስናሉ። ይህ የአሠራር ዘዴ በእንዲህ ያሉ ጣቢያዎች የተለመደ ነው፤ ለሐኪሞቹ ንባብ አማራጭ እንዲሆን እንግሊዛዊው ፒተር ባያስ ያዘጋጀው የስሌት ዘዴ ከተፈተነባቸው መረጃዎች አንዱ የቡታጅራው ነበር። ከሐዘንተኛ ጋር ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ ለመገመት አያዳግትም። የሚጠይቀው የአገሬው ሰው ባይሆን ኖሮ ብዙው በር በተዘጋ ነበር።

ብሔራዊው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከዚህ በተለየ መንገድ ነው የሚሠራው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት በየዘመኑ ስሙ ቢለዋወጥም ሥራው ሁለት ነው፦ አልፎ አልፎ ሁሉን መቁጠር፣ በመካከል ደግሞ ጥቂቱን መርጦ መጠየቅ። እ.ኤ.አ. በ1990 የተደረገው የቤተሰብና የወሊድ ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ በአማካይ 6.4 ልጅ እንደምትወልድ አሳየ። ከዚያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 5.5፣ በ2005 5.4፣ በ2011 4.8፣ በ2016 4.6። የአማራ ክልል ቁጥር ደግሞ ከአገሪቱ ቀድሞ ወረደ፦ 5.9፣ 5.1፣ 4.2፣ 3.7። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ እ.ኤ.አ. በ2015 የወሊድ መጠን ወደ 4 እንዲወርድ ግብ አስቀምጦ ነበር። አገሪቱ ግቡ ላይ ሳትደርስ የአማራ ክልል አልፎት ሄዷል። የሴት ልጅ ያለ ዕድሜ ጋብቻ በሚበዛበት ክልል ይህ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት እንኳ የክልሉ ሴቶች ግማሾቹ 16 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መግባታቸው፣ የወሊድ መከላከያ መርፌ በጤና ኬላ መገኘቱ፣ የመሬት መጣበብ፣ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መግባት ሁሉ ድርሻ አላቸው።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ጥናት በመላ አገሪቱ ያነጋገረው 15,683 ሴቶችን ነው፤ ከ645 የናሙና ቦታዎች። ለክልል ይበቃል፤ ለወረዳ ግን ምንም አይልም። ስለ ዳባት ወይም ስለ ጎረቤቱ ደባርቅ ሴት ለብቻዋ መናገር የሚችል ብሔራዊ ጥናት የለም። የዳባት መዝገብ ግን የእያንዳንዷን እናት ልጆች በተወለዱበት ጊዜ ጽፏል፤ ከዓመታት በኋላ በትዝታ አልጠየቃትም።

የመዝገቡ ዋጋ በጣም የሚታየኝ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ላይ ነው። ውጤቱ ሲወጣ አማራ ክልል 17.2 ሚሊዮን ሕዝብ እንዳለው ተነገረ። ቀደም ሲል የተተነበየው ከዚህ በ2.4 ሚሊዮን ያህል ይበልጥ ነበር። የአገሪቱ ሕዝብ በዓመት በ2.6 በመቶ ሲያድግ የክልሉ ዕድገት 1.7 ብቻ ሆነ። ጉዳዩ በ2001 ዓ.ም. ተወካዮች ምክር ቤት ገብቶ አባላቱ ማብራሪያ ጠየቁ፤ በሕዝቡም ዘንድ እስከ ዛሬ ያልበረደ ቁጣና ጥርጣሬ አተረፈ። 2.4 ሚሊዮን ሰው የት ገባ?

ለዚህ ጥያቄ ሊኖሩ የሚችሉት መልሶች የታወቁ ናቸው። ወይ ከተገመተው ያነሰ ሰው ተወልዷል፣ ወይ የበለጠ ሞቷል፣ ወይ ወጥቶ ሄዷል፣ ወይ ሳይቆጠር ቀርቷል፤ አለዚያም ትንበያው ራሱ ከመነሻው የተጋነነ ነበር። ወሊድ መቀነሱን እ.ኤ.አ. የ2000ና የ2005 ጥናቶች ይመሰክራሉ፤ ከ5.9 ወደ 5.1 መውረዱ ከልዩነቱ ጥቂቱን ያስረዳል። የቀረውን ለማወቅ ግን ልደትንና ሞትን፣ መምጣትንና መሄድን በአንድ ላይ የያዘ መዝገብ ያስፈልጋል። በክልሉ እንዲህ ያለ መዝገብ የነበረው ዳባት ነው። በዚያ ላይ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2008 ነዋሪውን እንደገና ቆጥሯል፤ ብሔራዊው ቆጠራ ከተደረገ ከአንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሁለቱን በቀበሌ በቀበሌ ማነጻጸር ጥርጣሬውን በአንድ ወረዳ ደረጃ ከማስረጃ ጋር ማገናኘት ነው። አንድ ወረዳ ለክልል አይመሰክርም፤ ይህን አልክድም። ግን ቆጣሪው በአንድ ቦታ እንኳ ስንት ቤት እንዳለፈ ቢታወቅ ክርክሩ ስሜትን ትቶ ወደ ነገሩ ይገባ ነበር።

ከሁሉ ለመያዝ የሚያስቸግረው መሄድና መምጣት ነው። የዳባትና የደባርቅ ወጣት በክረምት ለሰሊጥ አረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ወደ ሁመራ፣ ወደ መተማና ወደ አርማጭሆ ቆላ ይወርዳል። ጥቂት ወር ሠርቶ ይመለሳል። በተለመደው የቆጠራ ሕግ ከስድስት ወር በታች የወጣ ሰው እንደ ፍልሰተኛ ስለማይቆጠር፣ ይህ ሰው በመዝገብ ላይ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። የቤቱ እህል የሚሸመተው፣ የማዳበሪያው ዕዳ የሚከፈለው ግን ከቆላ ባመጣው ገንዘብ ነው። ይዞ የሚመለሰውም ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ወባና ካላዛር አብረው ይመጣሉ። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም የታየው የካላዛር ወረርሽኝ ከሁመራ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ያመጡት እንደሆነ ይታመናል። ከዚያ በፊት በሽታው በአካባቢው ስለማይታወቅ የወባ መድኃኒት እየተሰጠው የሞተ ብዙ ነው። የሚወጣውንና የሚመለሰውን በየወቅቱ የሚጽፍ መዝገብ እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል። ጣቢያዎቹ ሁሉ የስድስት ወሩን ሕግ ትተው የወቅት ሥራን ለብቻው መመዝገብ ይገባቸዋል የምለው ለዚህ ነው።

የሥራ ቁጥርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተደረገው የሠራተኛ ኃይልና የፍልሰት ጥናት በአገሪቱ ሥራ አጥነት 8 በመቶ መሆኑን፣ ባለፉት አምስት ዓመታትም ከ839 ሺህ በላይ ሰው ወደ ውጭ መውጣቱን ዘገበ። ትግራይ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ባትካተትም፣ ፍልሰትን ከሥራ ጋር አጣምሮ መጠየቁ መልካም ነው። ግን በሳምንቱ ጥቂት ሰዓት በአባቱ ማሳ ላይ የዋለ የዳባት ልጅ በዚያ ጥናት ሥራ ያለው ሰው ነው። ሩብ ሄክታር ለአራት ወንድማማች የሚከፋፈልበት ቤት ያ ልጅ ሥራ አለኝ አይልም፤ ለዚህም ነው ወደ መተማ፣ ከመተማም ወደ ሱዳን የሚሻገረው። እኅቱ ደግሞ ዓረብ አገር ትሄዳለች። ሥራ ማጣቱ በሥራ አጥነት ቁጥር ላይ ሳይሆን በፍልሰት ቁጥር ላይ ይታያል ማለት ነው። አንድን ቤት ለዓመታት የሚከታተል መዝገብ ሁለቱን አንድ ላይ ያያል፦ መሬቱ መቼ ተከፈለ፣ ልጁ መቼ ወጣ።

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ሰው የሚንቀሳቀሰው ለሥራ ብቻም አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የግጭ መንደር 418 አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ፤ ፓርኩም በተከታዩ ዓመት ዩኔስኮ አደጋ ላይ ናቸው ብሎ ከያዛቸው ቅርሶች ዝርዝር ወጣ። በገብስና በበግ የኖረ ገበሬ በአንድ ቀን ከተሜ ሆነ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ውጊያው ዳባት ወረዳ ደረሰ፤ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል ሊማሊሞን ወጥቶ የሸሸ ሕዝብ ደባርቅንና ዳባትን ሞላ፤ የዳባት ሰው ደግሞ ወደ ጎንደር ሸሸ። በ2014 ዓ.ም. በማይ ፀብሪ አካባቢ ከነበሩት ማይ ዓይኒና ዓዲ ሓሩሽ ካምፖች የወጡ ኤርትራውያን ስደተኞች በዳባት አቅራቢያ አለምዋጭ በተባለ ሥፍራ ሰፈሩ። እነዚህ ስማቸው የሚሰፍረው በስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎትና በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን መዝገብ ነው። ውኃ የሚቀዱት፣ ገበያ የሚገበያዩት፣ የሚታከሙት ግን በዚያው ወረዳ ነው። በአንድ ወረዳ ነባሩ በአንድ መዝገብ፣ ተፈናቃዩ በሌላ፣ ስደተኛው በሦስተኛ ተጽፎ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ስንት ክትባት ማዘዝ እንዳለበት ሲያስብ ሦስቱን የሚያገናኝለት ማንም የለም። አንደኛው መዝገብ የዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው የአደጋ መከላከል፣ ሦስተኛው የስደተኞች መሥሪያ ቤት ነውና።

ሌላም የማልተወው ነገር አለ። የዳባት ቤተሰቦች ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ሐዘናቸውን፣ እርግዝናቸውን፣ የልጆቻቸውን መሰደድ ለጠያቂ ሲናገሩ ኖረዋል። ከዚያ መረጃ ብዙ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፍ ወጥቷል፤ በውጭ ቋንቋ የታተመው ጽሑፍ ብዛት ቀላል አይደለም። ሕዝቡ የነገራቸው ነገር ግን በአማርኛ ተጽፎ፣ በቀበሌው አዳራሽ ተነቦ፣ እናንተ ዘንድ እናቶች የሚሞቱት በዚህ ምክንያት ነው፣ ሕፃናት በዚህ ወር ሞት ይበዛባቸዋል ተብሎ ወደ እነርሱ መመለስ ይገባዋል። ይህ ከማንኛውም ጥናት በጀት ላይ ሊመደብ የሚችል ትንሽ ወጪ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ጎረቤት ነውና ሊያግዝ ይችላል።

አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ2010 ሊደረግ ታቅዶ፣ ተላልፎ፣ በ2011 እንደገና ተራዝሟል። የአገሪቱ የመጨረሻ ቆጠራ አሁንም የ1999ኙ ነው። በዚያ ቆጠራ ዳባት ወረዳ 145,509፣ ደባርቅ ወረዳ 159,193 ሰው ነበራቸው። ዛሬም የወረዳ በጀት፣ የመድኃኒት ኮታ፣ የምርጫ ጣቢያ የሚታሰበው ከዚያ ቁጥር ላይ በትንበያ እየተነሣ ነው፤ ግጭንም፣ ጦርነቱንም፣ አለምዋጭንም፣ በ2015 መጨረሻ በክልሉ የተነሣውን ውጊያም ያላየ ቁጥር። አራተኛው ቆጠራ በመጣ ጊዜ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከቆጠራው በኋላ የሚያደርገውን ማረጋገጫ በዳባት 13 ቀበሌዎች፣ በቡታጅራና በሌሎቹ ጣቢያዎች ቢጀምር፣ የራሱን ውጤት ከቤት ቁጥር ጋር ሊያስተያይ ይችላል። ልዩነቱም ምክር ቤት ከመድረሱ በፊት፣ ሰዎቹ በሚኖሩበት ቀበሌ፣ ስም በስም ተጠይቆ ይታወቃል።